የ1627 መንደር

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፕሊመዝ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ዙሪያውን በእንጨት የታጠረ መንደር አለ። የፕሊመዝ ፓተክሰት ሙዚየም ክፍል ነው። በ1620 እ.ኤ.አ. በሜይፍላወር መርከብ ከእንግሊዝ የተሻገሩት ሰፋሪዎች ከሰባት ዓመት በኋላ የነበራቸውን ኑሮ ያሳያል። ከ102ቱ መንገደኞች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያዎቹን የብርድ ወራት ሳያልፉ ሞተዋል። 1627 ለማሳያነት መመረጡ ተገቢ ነው፤ በዚያ ዓመት ላሞችና ፍየሎች ሲከፋፈሉ ድርሻ የደረሰው ሁሉ፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ፣ በስም ተመዝግቧል። በመንደሩ እነማን ይኖሩ እንደነበር የሚታወቀውም በዚሁ መዝገብ ነው።

ቤቶቹ ከዚያ ዘመን የተረፉ አይደሉም፤ በቁፋሮ ግኝትና በጽሑፍ ማስረጃ ተመሥርተው እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳቸው በእንጨት ቆሞ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ ተመርጎ፣ ውጪው በተፈለጠ ሳንቃ ይለበጣል። ጣሪያቸው ሣር፣ ወለላቸው የተደለደለ አፈር ነው። ምድጃው ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ማታም ብርሃን ይሰጣል። ሣርና እሳት እንዲህ መጎራበታቸው አደጋ ነበረው፤ በጥር 1621 ሰፋሪዎቹ መጀመሪያ የሠሩት የጋራ ቤት ጣሪያ በእሳት ፍንጣሪ ተቃጥሏል።

ሙዚየሙን በ1947 የመሠረተው ሄንሪ ሆርንብሎወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቤቶቹ ውስጥ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊቶች ይቆሙ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በአርኪኦሎጂ ባለሙያው ጄምስ ዲትዝ ዘመን፣ አሻንጉሊቶቹ ወጥተው ሥራው ራሱ ገባ፤ እንጨት ይፈለጣል፣ አትክልት ይኮተኮታል፣ ድስት ይጣዳል። ኋላም ሠራተኞቹ የአንድ አንድ ሰፋሪን ስም ይዘው፣ በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ እየተናገሩ እንግዳ መቀበል ጀመሩ። ከ1627 ወዲህ የሆነውን ቢጠየቁ አያውቁትም። ጎብኚው ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ እንደሚሰማ ሆኖ ይሰማዋል፤ የሙዚየሙ ትልቁ ብርታትም ይህ ነው።

መንደሩ ብቻውን ግን ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገው ነበር። ሰፋሪዎቹ የሠፈሩት በባዶ ምድር ሳይሆን፣ ነዋሪዎቹ ከእነሱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ በወረርሽኝ ያለቁበት የነባሩ የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር፣ ፓተክሰት፣ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሙዚየሙ ይህን ስም በ2020 ከራሱ ስም ጋር አጣምሯል። በዋምፓኖአጎች መኖሪያ ክፍል የነባር ሕዝቦች ተወላጆች የጥንቱን ልብስ ይለብሳሉ እንጂ ሌላ ሰው ሆነው አይተውኑም፤ ስለ ሕዝባቸው በራሳቸው አንደበት፣ በዛሬ ቋንቋ ይናገራሉ። በዚያ ዌቱ የሚባለው ቤት አለ፤ የታጠፉ ቀጫጭን እንጨቶች ታስረው በዛፍ ልጥ ወይም በሰሌን ይሸፈናሉ። ሚሹን የሚባለው ታንኳ ደግሞ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ግንዱ ላይ እሳት ይነድበታል፣ የከሰለው ይፋቃል፣ እንደገና ይነድበታል፤ ሆዱ ሰው እስኪይዝ ድረስ ይህ ለቀናት ይደጋገማል።