የኋላ ፍሬን ሲነክስ፦ ታምቡሩን ከመደብደባችሁ በፊት

አንድ አድማጫችን እንዲህ ሲል ጠይቆናል፦ «የአባቴ አሮጌ ሃይሉክስ ከበዓል እረፍት በኋላ አልንቀሳቀስ አለ። የግራው የኋላ ጎማ አይዞርም። የቴስቱ ቀን ደርሷል፣ አባቴ ደግሞ የሚሠራበት በዚሁ ቴንደር ነው። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። አባቶቻችን «ታምቡር» የሚሉት እዚህ ሙሳክ ውስጥ «ቱፒም» የሚባለው ነው፤ የእጅ ፍሬን ደግሞ «አምብሬክስ» ነው። ታምቡሩ ከጎማው ጋር ይዞራል። ውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉ። ፔዳሉን ስትረግጡ ሲሊንደሩ ሸራዎቹን ወደ ውጭ ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያፋትጋቸዋል፤ ስትለቁ ሞላዎቹ ይመልሷቸዋል። ፍሬን ነከሰ የምንለው ሸራዎቹ አልመለስ ሲሉ ነው።

አገር ቤት የፍሬን ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለበት። አሽዶድ ግን ሜዳ ናት፤ እዚህ የሚያስቸግረው የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት የሚያመጣው ዝገት ነው። መኪናው ታጥቦ ወይም ዝናብ መትቶት አምብሬክሱ እንደተሳበ ለቀናት ከቆመ ሸራው ታምቡሩ ላይ ይጣበቃል።

እንግዲህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፤ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ለዩት።

አንደኛ፣ መጣበቅ። ቆሞ ከሰነበተ በኋላ የመጣ ከሆነ አምብሬክሱን ልቀቁና መኪናውን በቀስታ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ ሞክሩት። «ቋ» ብሎ ቢላቀቅም ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬኑ። በአሮጌ ሃይሉክስ ከእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ጀርባ ገመዱ የሚስባት ትንሽ የታጠፈች ብረት አለች። እሷ ከዛገች እጀታውን ብትለቁም ሸራዎቹ እንደተወጠሩ ይቀራሉ። በእጅ ስትገፏት ሄዳ መመለስ አለባት።

ሦስተኛ፣ ሲሊንደሩ ወይም መስመሩ። የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ስትፈቱ ፈሳሹ በግፊት ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ታምቡሩ ውስጥ አይደለም፤ ምናልባት የጎማ ቱቦው ውስጡ ታፍኗል። ካልተለቀቀ ሲሊንደሩ ራሱ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ወደ መፍታቱ እንምጣ። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፉ፣ አምብሬክሱን ልቀቁ። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከሥር አትግቡ፤ የብረት መቆሚያ ይኑር። ጎማውን አውጡ። ከጀርባ በኩል ትንሽ የጎማ ክዳን አለች፤ በቀዳዳዋ በአንድ ቀጭን ካቻቢቴ መያዣዋን ገፋ አድርጋችሁ በሌላው ባለጥርሷን ማስተካከያ አዙሩ፣ ሸራዎቹ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ታምቡሩ ፊት ላይ ያሉትን ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች ፈልጉ። ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን አስገብታችሁ ግማሽ ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ታምቡሩ ራሱ ይወጣል። ጠርዙን በመዶሻ አትምቱ፤ ሲሚኒቶ የሚመስለው ያ ጥቁር ብረት ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍም።

አቧራውን በአየር አትንፉት፤ የቆየ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በፍሬን ማጽጃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ሸራው ወደ 1 ሚሊሜትር ከሳሳ የሁለቱም ጎማ ይቀየራል። ታምቡሩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ስፋት እዩ፤ ካለፈ መጣል ነው። የሲሊንደሩን ጎሚኒ ገለጥ ስታደርጉ ፈሳሽ ካለ ሲሊንደሩ ይቀየር።

«ትንሽ ስለሚጎትት ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ» የሚል አለ። አይሆንም። ሸራው ሲፋተግ ታምቡሩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናውም አይቆምም።

የፍሬን ሥራ ለምዳችሁ ካላወቃችሁ ለባለሙያ ስጡት። ዕድሜው 15 ዓመት ያለፈ መኪናም ለቴስት ፈቃድ ካለው ሙሳክ የፍሬን ማረጋገጫ ይጠየቃል። ታዲያ ማወቁ ለምን ይጠቅማል? ብዙዎቻችን ሙሳክ የምንሄደው ለወላጆቻችን ልናስተረጉም ነው። «ሁሉም ይቀየር» ሲባሉ ዝም ብሎ ከማስተርጎም «ከሦስቱ የትኛው ነው የነከሰው? አሮጌውን ዕቃ አሳዩን» ብሎ መጠየቅ የአባታችሁን ገንዘብም ክብርም ያድናል።

ለወደፊቱ፣ ለቀናት የምታቆሙት ከሆነ ሜዳ ላይ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን ደግፉ፣ አምብሬክሱን ተዉት። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን። ደህና ሰንብቱ!