የደን አክሲዮን ረከሰ የሚባለው መቼ ነው?

ባሕር ዛፍ ያለው ገበሬ ገበያ ወጥቶ አጣና ረክሶ ቢያገኘው፣ ዛፉን ሳይቆርጥ ይተወዋል። ዛፍ ቆሞ ሳለ ይወፍራል እንጂ እንደ ቲማቲም አይበሰብስም። የደን ኩባንያ አክሲዮን የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን «ረክሷልና እንግዛው» ከማለት በፊት ሒሳብ መሥራት ይገባል።

ሒሳቡ እንደኔ ላለው የአርት ፋኩልቲ ተማሪ እንኳ አይከብድም። አንድ ኩባንያ 10,000 ሄክታር ደን አለው እንበል። በአካባቢው የተሸጠ ተመሳሳይ ደን በሄክታር 2,000 ዶላር ካወጣ፣ የኩባንያው ደን 20 ሚሊዮን ያወጣል። 5 ሚሊዮን ዕዳ ቢቀነስ 15 ሚሊዮን ይተርፋል። ይኸው ለ1 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል ለያንዳንዱ 15 ዶላር ይደርሰዋል። እንግዲህ አክሲዮኑ በገበያ 9 ዶላር ቢሸጥ ርካሽ ይመስላል።

«ይመስላል» ማለቴ ሦስት ጥያቄዎች ስለሚቀሩ ነው።

አንደኛ፤ ዛፉ በእርግጥ አለን? አክሲዮኑ በቶሮንቶ ይሸጥ የነበረው ሲኖ ፎረስት በቻይና ሰፊ ደን አለኝ ይል ነበር። በ2011 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መዲ ዋተርስ የተባለ ድርጅት በማጭበርበር ሲከሰው የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ። በ2012 ኩባንያው ከሰረ። በ2017 የኦንታሪዮ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማጭበርበር መፈጸሙን ወሰነ።

ሁለተኛ፤ ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው? ችግኝ የበዛበት ሄክታርና ለመጋዝ የደረሰ ሄክታር በአንድ ዋጋ አይቆጠሩም።

ሦስተኛ፤ ደኑን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ማነው? በ1985 የተቋቋመውና መቀመጫው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበረው ፖፕ ሪሶርስስ 124,000 ኤከር ገደማ የራሱ ደን ነበረው። በፖርት ጋምብል ግን አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ የበከለውን ባሕር የማጽዳት ግዴታ ነበረበት፤ እንዲህ ያለውም እንደ ዕዳ ይቀነሳል። በጥር 2020 ሬዮኒየር የተባለ ትልቅ የደን ኩባንያ ለያንዳንዱ ድርሻ 125 ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ይኸውም ከገበያው ዋጋ በሲሶ ያህልና ከዚያም በላይ የሚበልጥ ነበር። ዛፎቹ በአንድ ሌሊት አላደጉም፤ ገዢ መጣ እንጂ።

ገዢ ባይመጣስ? ወይም አስተዳዳሪዎቹ አንሸጥም ቢሉስ? ትንሹ ባለድርሻ «የኔን ዛፍ ቆርጬ ልውሰድ» ማለት አይችልም። ከገበሬው የሚለየው በዚህ ነው፤ መጥረቢያው በእጁ የለም። ስለዚህ የ9 እና የ15 ዶላር ልዩነት ትርፍ የሚሆነው፣ መጥረቢያውን የያዘው ሰው ለባለድርሻው የሚያስብ ሲሆን ብቻ ነው።

በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በ2025 ሥራ ጀምሯል። ነገ ደመወዝ ስንቀበል «ይህ አክሲዮን ርካሽ ነው» የሚለን አይጠፋም። ያን ጊዜ ከዋጋው አስቀድመን መጥረቢያው በማን እጅ እንዳለ እንጠይቅ።