የፀጉር ሥራና የሠራተኞቹ ጤና

እጇ እየተሰነጣጠቀ የሚያሳክካት ወይም ሳል የሚያጣድፋት ሴት ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ሥራዋ ካልተጠየቀ፣ ሕክምናው ምልክቱን ከማስታገስ አያልፍም። በፀጉር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ በውኃና በሻምፑ የሚርስ እጅ ተፈጥሯዊ መከላከያው ይሳሳል፤ በፀጉር ቀለም ውስጥ የሚገኘው ፓራፊኒሊንዳያሚንም በቀላሉ አለርጂ ያስነሣበታል። ፀጉርን ለማንጣት የሚያገለግለው የፐርሰልፌት ዱቄት አስም ያስከትላል። አንዳንድ የፀጉር ማለስለሻዎች ደግሞ ፀጉር ሲተኮስ ከሙቀቱ የተነሣ ፎርማልዲሃይድ ይለቃሉ፤ ይህንንም ንጥረ ነገር ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ሕመሙ በዕረፍት ቀናት የሚቀልና ሥራ ሲጀመር የሚያገረሽ ከሆነ፣ ምንጩ የሥራው ቦታ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። አስሙ ሳይታወቅ ለኬሚካሉ መጋለጥ ከቀጠለ፣ ሥራው ከተተወም በኋላ ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ቀለም ሲቀባም ሆነ ሲታጠብ ናይትራይል ጓንት ማድረግና ጓንቱን ደግሞ አለመጠቀም፣ ኬሚካሎችን አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ሥፍራ መበጥበጥ፣ እጅንም ሽቶ በሌለው ቅባት ማለስለስ ያስፈልጋል። የጤና ባለሙያው ምክር ለሠራተኛዋ ብቻ ሳይሆን ለአሠሪዋም ሊደርስ ይገባል፤ መስኮቱን የሚያስከፍተው፣ ጓንቱንም የሚገዛው አሠሪው ነውና።