ያልተፈረደለት ደም

በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን፣ ዕለተ ዓርብ፣ የፋሺስት ኢጣልያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልስን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ ለአዲስ አበባ ድኆች ምጽዋት ሲያስመጸውት፣ ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ አከታትለው ወረወሩበት። እንደራሴው ቈሰለ፤ ወጣቶቹ ግን በስምዖን አደፍርስ ረዳትነት ከከተማው ወጡ።

ከዚያች ቅጽበት በኋላ የሆነው በቀል እንጂ ወንጀለኛን መፈለግ አልነበረም። ጠባቂዎቹ ምጽዋት ሊቀበል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኵስ ከከፈቱ በኋላ፣ የፋሺስት ፓርቲው ሹም ጉይዶ ኮርቴዜ ጥቍር ሸሚዝ ለባሽ ሚሊሻዎቹን በከተማው ላይ ስለ ለቀቃቸው፣ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ሰው በጥይት፣ በጩቤና በአካፋ ተገደለ፤ የሣር ጎጆዎችም ከነነዋሪዎቻቸው በቤንዚን ነደዱ። ቍጣው የተማሩትን ወጣቶች ለይቶ ረሸነ፤ መኳንንቱን ወደ ኢጣልያ፣ ብዙውን ሰው ወደ ሶማልያው ዳናኔ እስር ቤት አጋዘ፤ በግንቦትም ደብረ ሊባኖስ ደረሰ። በዚያ ጄኔራል ማሌቲ ያስረሸናቸውን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ 449 ብሎ ሲያስታውቅ፣ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን ከሺህ በላይ ያደርሷቸዋል።

የአዲስ አበባው ቍጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል፣ ጉዳዩን ለብዙ ዘመን ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል፤ በኢጣልያ በኩል የተነገረው ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። የቍጥሩ መለያየትም አያስደንቅም፤ ሬሳው በየጉድጓዱ በጅምላ ሲጣልና ጎጆው ከነቤተሰቡ ሲነድ፣ ሟቹን የሚቈጥርለት ዘመድ ብዙ ጊዜ አብሮት ሞቷልና።

ሙግቱ ግን በቍጥር አለመስማማት የቀረ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ኢትዮጵያ በግራዚያኒና በጦር አዛዡ በባዶልዮ፣ በሌሎችም ላይ ያቀረበችው ክስ ለፍርድ የሚያበቃ መሆኑን ቢቀበልም፣ ተከሳሾቹ አልተሰጧትም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በሀገሩ 19 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ጥፋቱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር፤ ከዚያም እስራት በወራት ውስጥ ተፈታ። የኢትዮጵያ ደም በዚያ ፍርድ ቤት አልተነሣም። ፍርድ ያላገኘ ወንጀልም ከጊዜ ብዛት ክብር ሊለብስ እንደሚችል፣ በ2004 ዓ.ም. በኢጣልያ አፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ የተሠራው መታሰቢያ አሳየ።

እኛስ? በየዓመቱ በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር አበባ እናኖራለን፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ቤተ ክርስቲያናችን ለሙታን ስትጸልይ በስመ ክርስትናቸው እየጠራች ነው እንጂ በድምር አይደለም፤ እስላሙም ቢሆን ሟቹን በስሙ ያስበዋል። ተከሳሹ ከሞተ ወዲህ ችሎት ሊቀመጥ አይችልም፤ መዝገብ ግን ሊጻፍ ይችላል። በየቤተሰቡ በቃል የቀረውን፣ በየደብሩና በየመስጊዱ የሚታወቀውን የሟች ስም፣ ሠፈርና አገዳደል አሰባስቦ ማተም የማንም ባዕድ መንግሥት ፈቃድ የማያስፈልገው ሥራ ነው። ይህ ሳይሆን ቢቀር፣ የሚክዱት በቍጥር ይከራከሩናል፤ እኛም በቍጥር እንመልስላቸዋለን፤ የሞቱት ሰዎች ግን በሁለታችንም አንደበት ስም አልባ ይሆናሉ።