ጫሞ ላይ በጀልባ ልትወጡ ነው? ከአዞው በላይ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ነገሮች



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ከቤተሰብ ጋር አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው። ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥተን የአዞ ገበያን ልናይ አስበናል፣ ልጆችም አሉ። አደጋ የለውም ወይ?» የሚል ነው። አብዛኛው ጠያቂ የሚፈራው አዞውን ነው። እኔ ግን ከዚህ ጉዞ ተመልሰው ታመው ከመጡልኝ ሰዎች መካከል በአዞ የተነከሰ አንድም አላየሁም። ያየሁት ወባ፣ ቢልሃርዚያና የጸሐይ ቃጠሎ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጉዞውን ከመነሻው እስከ መመለሻው፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ያሉትን ሳምንታት ጨምረን አንድ በአንድ እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል። የምትጓዙ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ በተለይ ቁጥር 5ን።

1. ቦታው ምን ይመስላል?

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በሶዶ መንገድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጫሞ ሐይቅ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህን የከፍታ ልዩነት ያዙልኝ፣ ወባ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የአዞ ገበያ የሚባለው ገበያ ሆኖ አይደለም። ኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ተነስቶ ጫሞ ሐይቅ ሲገባ ያመጣውን ደለል እያራገፈ ዝቅ ያለ ረግረግ መሬት ሠርቷል። በጂኦግራፊ ትምህርት «ዴልታ» ስንለው የኖርነው ዓይነት መሬት ነው። አዞዎቹ በዚህ አካባቢ ባለው ዳርቻ ወጥተው እንደ ገበያተኛ ተደርድረው ጸሐይ ይሞቃሉ። አዞ የሰውነቱን ሙቀት እንደኛ ከውስጥ ማመንጨት ስለማይችል ጠዋት ጸሐይ ላይ ይጋደማል፣ ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ይቀዘቅዛል ወይም ወደ ውሃው ይመለሳል። አፉን ከፍቶ ስታዩት ሊበላችሁ ተዘጋጅቶ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ከአዞው ሌላ ጉማሬ፣ ፔሊካንና አሳ አዳኝ ንስር ታያላችሁ። ዳርቻው ቄጠማና ደንገል የበዛበት ነው። ለዓይን በጣም ያምራል። ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ሞቅ ያለ ውሃና ሣር ያለበት ቦታ ለትንኝም፣ ቢልሃርዚያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ይመቻል።

2. አዞና ጉማሬ፦ የጀልባ ላይ ሕጎች

አዞ አያስፈራም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በሐይቁ ዳር ለሚያጠምዱና ውሃ ለሚቀዱ የአካባቢው ሰዎች አዞ የዕለት ተዕለት አደጋ ነው። እናንተ ግን ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ውሃውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው የምትወጡት። የሱን ምክር ከሰማችሁ አደጋው በጣም ይቀንሳል።

- እጃችሁን ከጀልባው ውጪ አታንጠልጥሉ። ልጆች ውሃ መንካት ይወዳሉ፣ ስለዚህ መሃል ላይ አስቀምጧቸው።
- ፎቶ ለማንሳት ሁላችሁም በአንድ ወገን አትነሱ። ጀልባ የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።
- ጀልባ ነጂውን «ትንሽ ጠጋ በልልን» እያላችሁ አትገፋፉት። በተለይ ወደ ጉማሬ። ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ የዋህ ይመስለናል፣ ግን በጥልቁ ውሃና በእሱ መካከል የገባን ጀልባ እንደ ጠላት ነው የሚያየው።
- ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትነሱ። «ዋና እችላለሁ» ምክንያት አይሆንም። ለልጆች ልካቸው መሆኑን አይታችሁ ማሰሪያውን አጥብቁ። ሰፊ ከሆነ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ይወልቃል። የልጅ ልክ ከሌለ ልጁን ይዛችሁ አትውጡ።
- ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ይበረታል። ባለጀልባው «ዛሬ ሐይቁ ጥሩ አይደለም» ካላችሁ ብር ጨምራችሁ አትከራከሩት።

3. ጸሐይና የውሃ ጥም

ሐይቅ ላይ ጸሐይ ከላይ ብቻ ሳይሆን ውሃው ላይ ነጥሮ ከታችም ይመጣል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዛችሁ መቃጠላችሁን የምታውቁት ማታ ነው። ጥቁር ቆዳ ይሻላል እንጂ አይቃጠልም ማለት አይደለም። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ስስ ልብስና ሰንስክሪን ያዙ። ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ይኑር። «ሽንት እንዳይመጣብኝ» ብላችሁ ሳትጠጡ አትውጡ። የደም ግፊት ታካሚ ሆናችሁ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምትወስዱ፣ የስኳር ታካሚዎችና አረጋውያን በሙቀት ቶሎ ትዳከማላችሁ። ኢንሱሊን የምትጠቀሙ ደግሞ መድኃኒቱን ጸሐይ ላይ አታቆዩት፣ የምትቀምሱት ጣፋጭ ነገርም አይለያችሁ።

4. ወባና ቢልሃርዚያ፦ በዓይን የማይታዩት

ወባ፦ ወደ ከፍታው እንመለስ። አዲስ አበባ ከፍ ያለችና ቀዝቃዛ ስለሆነች ወባ አይተላለፍባትም። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቀውም። ቆላ የኖረ ሰው በተደጋጋሚ ከመታመም ያገኘው ከፊል መከላከያ አለው፣ የአዲስ አበባ ሰው ግን በዚህ ረገድ ከአውሮፓ ከመጣ ቱሪስት አይለይም። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ምን ይለኛል» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። ለረጅም ዓመታት ውጭ የኖራችሁ ወገኖችም፣ ልጅነታችሁ ቆላ ቢሆን እንኳ ያ መከላከያ ከጊዜ ጋር ይዳከማል። የበሽታው መጠን ደግሞ ቀላል አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2024፣ ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሪፖርት ተደርገዋል።

የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ጀልባው ላይ በጠራራ ጸሐይ የምታሳልፉት ሰዓት ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ብላችሁ ዳርቻው ላይ የምታመሹት፣ ማታ ደጅ ተቀምጣችሁ አሳ የምትበሉትና ያለ አጎበር የምትተኙት ነው። ስለዚህ፦

- የጀልባ ጉዞውን ጠዋት አድርጉት። አዞዎቹም ጸሐይ ሲሞቁ ይገኛሉ፣ ሐይቁም ጸጥ ያለ ነው።
- ከ11 ሰዓት ጀምሮ እጀ ረጅም ልብስ፣ ሱሪና ካልሲ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ሰንስክሪንም የምትቀቡ ከሆነ መጀመሪያ ሰንስክሪኑ፣ ከዚያ የትንኙ ቅባት።
- ክፍል ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ። የተቀደደ ከሆነ ይቀየርላችሁ።
- አስቀድሞ የሚወሰድ የወባ መከላከያ ኪኒን አለ። የትኛው እንደሚስማማችሁ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሩ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፣ ቆዳንም ለጸሐይ ያጋልጣል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት መቀጠል አለበት። «ተመልሻለሁ» ብሎ ማቋረጥ መድኃኒቱን እንዳልወሰዱት ያህል ሊያደርገው ይችላል።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ እህቴ፣ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ጉዞው ቢቆይ ይሻላል። ወባ ለእናትም ለጽንስም ከባድ ነው።

ቢልሃርዚያ፦ ይህ ጥገኛ ትል ነው። በተበከለ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ደግሞ በቀን ነው፣ በተለይ እኩለ ቀን አካባቢ።

ሐይቁ መሃል ላይ ፊታችሁን የረጨው ውሃ ብዙ አያሳስብም። አደጋው ያለው ዳርቻው ላይ ነው። ጀልባው ሲነሳና ሲመለስ ጫማ አውልቆ፣ ሱሪ ሰብስቦ፣ ጉልበት ድረስ ውሃ ውስጥ መግባት የተለመደ ነው። ከዚያ ደግሞ «እግራችንን እንታጠብ» ብሎ ኩልፎ ወንዝ ዳር መቀመጥ አለ። ባለጀልባው ደረቅ መሬት ላይ እንዲያስጠጋ ወይም ጣውላ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ካልተቻለ ረጅም የላስቲክ ቦት ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃ ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ ማሸት ክፋት የለውም፣ ግን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

5. ከተመለሳችሁ በኋላ፦ ዋናው ጉዳይ

አንድ ታካሚዬን ላንሳላችሁ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ጀመረው። መጀመሪያ በሄደበት ቦታ ደም ሰጥቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተባለና መርፌ ታዘዘለት። አራት ቀን ተወጋ። አልተሻለውም። ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ለመቆም እንኳ ሰው ይደግፈዋል።

«ባለፈው አንድ ወር ከአዲስ አበባ ወጥተህ ነበር?» አልኩት።

«አይ ዶክተር፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ።

ባለቤቱ ከጎኑ ሆና «እንዴ! አርባ ምንጭ ሄደን አልነበር?» አለች።

«እሱማ ሽርሽር ነው፣ ሁለት ቀን ብቻ!»

ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ነው። ወዲያው ተኝቶ በደም ሥር መድኃኒት ተጀመረለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ግን አራት ቀን ባክኗል። በዚህ ዓይነቱ ወባ አራት ቀን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እንዲዘገይ ያደረገው ማንም ስለ ጉዞው አለመጠየቁ፣ እሱም አለመናገሩ ነው። የሁለት ቀን ሽርሽርን እንደ ጉዞ አንቆጥረውም። ለትንኟ ግን አንድ ምሽት ይበቃታል።

ስለዚህ ይህን የጊዜ ሰሌዳ ያዙ፦

- ከሄዳችሁ ከ7 ቀን በፊት የመጣ ትኩሳት፦ ከዚህ ጉዞ የተያዘ ወባ የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ቢሆንም ምርመራ ይገባዋል።
- ከ7 ቀን እስከ 3 ወር፦ ትኩሳት ከመጣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ገምቱ። በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። «ጉንፋን ነው» ብሎ ፓራሲታሞል እየዋጡ መጠበቅ አይገባም።
- ከወራት በኋላ፦ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ዓመት እስኪሞላ ድረስ ትኩሳት በያዛችሁ ቁጥር ጉዞውን ጥቀሱ።
- የመጀመሪያው ምርመራ «ነጻ» ቢል፦ ትኩሳቱ ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት ይደገም።
- ውሃ ውስጥ ከገባችሁ፦ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ እግር ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም፣ ሰውነት ላይ የሚወጣ እብጠት ከመጣ ቢልሃርዚያ ይታሰብ። ምንም ምልክት የሌለውም ብዙ ነው። የሰገራ ምርመራ እንቁላሉን ለማግኘት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። በሳምንቱ ተመርምራችሁ «ነጻ ነኝ» አትበሉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በክብደት ተለክቶ በአንድ ቀን የሚወሰድ ነው። ገና ያልጎለመሰውን ትል በደንብ ስለማይገድል የሚወሰድበትን ጊዜ ሐኪም ይወስን።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዓረብ አገራት ለእረፍት መጥታችሁ የምትመለሱ ወገኖች ደግሞ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል። እዚያ ያለው ሐኪም ወባ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ትኩሳት ይዟችሁ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ገና ስማችሁን ስትናገሩ፦ «ከኢትዮጵያ ተመልሻለሁ፣ ወባ ያለበት ቦታ አድሬያለሁ፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ። ለሕጻናት ልጆቻችሁም እንዲሁ። ልጆች ከአዋቂ በበለጠ ፍጥነት ነው የሚደክሙት።

ትኩሳት ኖሮ ግራ መጋባት፣ መንቀጥቀጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

6. ቦርሳችሁ ውስጥ ምን ይኑር?

ባርኔጣ፣ ሰንስክሪን፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የታሸገ ውሃ፣ ሁለት ሦስት ኦአርኤስ፣ የዘወትር መድኃኒታችሁ፣ ቦት ጫማ፣ አጎበር (ቤት ካላችሁ)። ጀልባ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ካቅለሸለሸ በኋላ ብዙም አይረዳም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልካችሁ ላይ ዛሬውኑ የተመለሳችሁበትን ቀን መዝግቡና ከጎኑ «ትኩሳት ከመጣ የወባ ምርመራ» ብላችሁ ጻፉ። ለሦስት ወር አትሰርዙት። ከታመማችሁ የሚያስታምማችሁ ሰውም ይወቀው። ያ ታካሚዬን ያተረፈችው ባለቤቱ ናት።

ጫሞ መታየት ያለበት ሐይቅ ነው። ሂዱ፣ እዩ፣ አሳውንም ብሉ፣ ብቻ በደንብ የበሰለውን ይሁን። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን አጋሩት።