ማሸትና መታሸት፦ በጅግጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች የጤና ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ

በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪበያህ ወይም በሽንሌ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ የወገብ ወይም የትከሻ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ካርድ ከማውጣቱ በፊት በሌላ እጅ አልፏል። ያ እጅ የወጌሻ፣ የልምድ አዋላጅ፣ የእናት ወይም የአያት ሊሆን ይችላል፤ የከተማ ነዋሪ ከሆነ ደግሞ በሆቴል ወይም በውበት ሳሎን ውስጥ የሚሠራ የማሳጅ ሠራተኛ እጅ ይሆናል። ይሁንና በሕሙማን ካርድ ላይ «ከመምጣቱ በፊት ታሽቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማግኘት ብርቅ ነው። ሕመምተኛው እንዳይነቀፍ ፈርቶ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። በትምህርት ቤት ስለ ማሸት የሰማነው ጥቂት ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በጋንግሪን ምክንያት ስለሚቆረጥ እጅና እግር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ የተሞከረው ማሸት በእርግጥ የሚጠቅመው ለየትኛው ችግር እንደሆነ፣ የቱ ላይ አካልን ወይም ሕይወትን እንደሚያሳጣ፣ እንዲሁም በዚህ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን ሊጠይቅና ምን ሊመክር እንደሚገባው ነው።

በሶማልኛ «ዱጊስ» የሚባለው ማሸት በቅቤ (በአካባቢው አጠራር ሱበግ) ወይም በሰሊጥ ዘይት በየቤቱ የሚሠራ የቆየ ልማድ ነው። ጨቅላ ሕፃን ይታሻል፤ አራስ በአርባ ቀኗ ውስጥ ትታሻለች፤ ከግመል የወደቀ፣ እግሩ ወለም ያለው፣ አንገቱ የደረቀበት ሁሉ ይታሻል። ማሸቱ ካልሠራ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በጋለ ብረት ወይም እንጨት መተኮስ ነው። ልብስ አስወልቆ የሚመረምር ሐኪም በወገብ፣ በሆድ ወይም በደረት ላይ ክብ ክብ ጠባሳዎች ሲያይ ሕመሙ የት እንደነበረና ምን ያህል እንደ ቆየ ከቃል ታሪኩ ባልተናነሰ ይነግሩታል። ማሸትን በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ማስፈርም ቢሆን የአውሮፓውያን ፈጠራ አይደለም፤ ኢብን ሲና በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ቃኑን» ማሸትን ጠንካራና ለስላሳ፣ ረዥምና መካከለኛ ብሎ ከፍሎ የእያንዳንዱን ውጤት አብራርቷል። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በሲቲ ዞን (በቀድሞው ሽንሌ ዞን) ወደሚገኘው የኤረር ፍል ውኃ የሚሄዱ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችም ሙቀትንና ማሸትን አንድ ላይ ይፈልጋሉ። ሙቀት ጡንቻን ያላላልና በዚህ ልማድ ላይ ብዙ የሚነቀፍ ነገር የለም፤ ነገር ግን የልብ ድካም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይም በስኳር በሽታ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ምክር ያስፈልጋቸዋል። የደነዘዘ እግር ቃጠሎውን አይናገርም።

የአካባቢው ሥራ ጀርባን የሚጎዳ ሥራ ነው። በቶጎ ውጫሌ የድንበር ንግድ ጆንያ የሚሸከሙ ወዛደሮች፣ ከአወዳይ ተነሥተው በጅግጅጋ በኩል የሚከንፉት የጫት መኪኖች ሾፌሮችና ጫኞች፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚነዱ የባጃጅ ልጆች፣ ከቢርካ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው የሚያመላልሱ ሴቶች ሁሉ የዚህ ሕመም ደንበኞች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች በተለምዶ የምንሰጠው የዳይክሎፌናክ መርፌና ኪኒን ነው። ሕመሙ ሲመለስ ሰውየው ራሱ ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ ይደግመዋል። በሞቃት ቆላ፣ ውኃ ሳይጠጣ ጫት ሲቅም የዋለ ሰው ይህን መድኃኒት ሲደጋግም ጨጓራውና ኩላሊቱ ምን እንደሚሆኑ ለአንባቢው ማብራራት አያስፈልግም።

ማሸት ሕመምን የሚቀንሰው እንዴት ነው? ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የ«በር» ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ንክኪንና ግፊትን የሚያስተላልፉት ወፋፍራም ነርቮች ሲቀሰቀሱ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበትን በር ያጠብቡታል። ጭንቅላቱን የተመታ ሕፃን ሳያስተምሩት የተመታውን ቦታ የሚያሸው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ቀስ ያለ የእጅ እንቅስቃሴ የተወጠረ ጡንቻን ያላላል፤ ጭንቀትን ይቀንሳል፤ ለእንቅልፍም ይረዳል። ከዚህ አልፎ ማሸት «መርዝን ያስወጣል»፣ «የዞረ ሥርን ይመልሳል» የሚባለው ግን መሠረት የለውም። የሚዞር ሥር የለም፤ ሕመምተኛው «ሥር ዞረብኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ መኮማተርን ወይም የነርቭ ሥር መጨቆንን ነው። ቢሆንም ቃሉን ከመንቀፍ ይልቅ የቱ ጋር እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳይ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ጥቅሙ ያለው ማስረጃ መጠነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የኮክሬን ግምገማ በወገብ ሕመም ላይ የተደረጉ 25 ሙከራዎችን መርምሮ ማሸት ለአጭር ጊዜ ሕመምን እንደሚቀንስ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ እንደማይቆይና የማስረጃው ጥራትም ዝቅተኛ እንደሆነ ደምድሟል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለድንገተኛ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል ሙቀትንና ማሸትን ጠቅሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2023 ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሸትን ከአካል እንቅስቃሴና ከትምህርት ጎን ለጎን ሊሰጡ ከሚችሉ ሕክምናዎች ውስጥ አካቶታል። «ጎን ለጎን» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። በእኔ አስተያየት የጆንያ ተሸካሚው ወገቡን በሳምንት አንድ ቀን ለሚወዳት አክስቱ ቢሰጥና በቀረው ቀን የሸክም አነሳሥ ቢማር፣ በየሳምንቱ መርፌ ከመወጋት የተሻለ ሕክምና አገኘ ማለት ይቻላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህን ምክር የሚሰጠው ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ነው።

ነገር ግን ምክሩ ከመሰጠቱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። አንድ የ28 ዓመት የጫት ጫኝ ለሁለት ወር የቆየ የወገብ ሕመም ይዞ መጣ እንበል። ሸክም ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሆኖም ማታ ማታ ያልበው እንደሆነ፣ ክብደቱ ቀንሶ እንደሆነ፣ ያልተፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት ይጠጣ እንደሆነ ሲጠየቅ ሌላ ምስል ሊወጣ ይችላል። ብሩሴሎሲስ የታችኛውን ወገብና የዳሌ መገጣጠሚያ ይወዳል፤ የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ ወራት ወስዶ አጥንትን ይበላል። በቲቢ የሳሳ አከርካሪን በኃይል መጫን እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በእግሮቹ መካከል የደነዘዘው፣ ሽንት የያዘው ወይም ያመለጠው፣ እግሩ የሚዝል ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት እንጂ የሚታሽ አይደለም። በጉልበቱ አጠገብ እያደገ የሚሄድ እብጠት ያለበትን ወጣት የሚያሹ ሰዎች ምናልባት የአጥንት ካንሰርን እያሹ ይሆናል። አንድ ባቱ ብቻ ያበጠችና የሚያማት አራስ ብትታሽ ደግሞ የረጋው ደም ተላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ትኩሳት ያለው፣ የቀላና የጋለ መገጣጠሚያ መግል እንዳለበት ተቆጥሮ ይመረመራል።

ስብራትና ውልቃት የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የወጌሻ ጉዳት ዋናው ምንጭ ማሸቱ ብቻ ሳይሆን ከታሸ በኋላ በቀርከሃና በጨርቅ ዙሪያውን አጥብቆ ማሰር ነው። ያበጠ ክንድ በጠበቀ ማሰሪያ ውስጥ ደም ያጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይሞታል። በክርን አካባቢ የተጎዳ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጎዳውን ጡንቻ ደጋግሞ ማሸትና መገጣጠሚያውን በግድ መዘርጋት በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅልና ክርኑ እንዲቆለፍ ሊያደርግ ይችላል። እናቶች «አልታሸም፣ ስለዚህ ደረቀ» ሲሉ እውነቱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው መሆኑን በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል። ወጌሻን ማሳደድ ግን ሰውን ከወጌሻ አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገራችን የታተመ አንድ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና በጋንግሪን ምክንያት የሚደረገውን የአካል መቆረጥ መቀነሱን አሳይቷል። በሥልጠናው ሊነገራቸው የሚገባውም ብዙ አይደለም፦ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ አትንኩ፤ ዙሪያውን አጥብቃችሁ አትሰሩ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ጣቶቹን ሲዘረጉለት ልጁ ከጮኸ ወዲያውኑ ፍቱትና ወደ ካራማራ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ላኩ።

በእናቶች ላይ የሚደረገው ማሸት ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሶማሌ ክልል በጤና ተቋም የሚወለደው ከ100 ሕፃናት 23 ያህሉ ብቻ ነበር። ይህም ማለት አብዛኛው ምጥ በኡሙሊሶ፣ ማለትም በልምድ አዋላጅ እጅ ላይ ነበር። የምጥ ላይ ወገብን ቀስ ብሎ ማሸት እናትን ያሳርፋል፤ በጤና ተቋምም ባል ወይም እኅት እንዲያደርጉት ቢፈቀድ መልካም ነው። ሆድን በኃይል ማሸት፣ የሕፃኑን አቀማመጥ «ለማስተካከል» መግፋት ወይም ምጥ እንዲፋጠን ማሕፀንን ከላይ መጫን ግን የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅንና የማሕፀን መቀደድን ያስከትላል። ስለዚህ ደም እየፈሰሳት ወይም ሆዷ እንደ እንጨት ደርቆ የመጣችን እናት «ሆድሽ ታሽቶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ ማሸት ሕይወት የሚያተርፍባት አንዲት ሰዓት አለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እንዳስቀመጠው፣ ኦክሲቶሲን ለተሰጣት እናት ደም እንዳይፈስ በሚል ብቻ ማሕፀንን ያለማቋረጥ ማሸት አይመከርም፤ የሚመከረው ማሕፀኑ መጠንከሩን እየዳሰሱ መከታተል ነው። ደም መፍሰስ ከጀመረ ግን የላላውን ማሕፀን ማሸት ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ነው። በ2023 ውጤቱ የታተመውና በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተካሄደው ኢሞቲቭ የተባለ ሙከራ የፈሰሰውን ደም በሚለካ ጨርቅ ቶሎ ለይቶ ማሸትን፣ ኦክሲቶሲንን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽንና ምርመራን በአንድነት መስጠት ከባድ የደም መፍሰስን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በዚህ ሰዓት እጅ በማሕፀን ላይ እያለ ሌላው እጅ መርፌውን ያዘጋጃል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ጨቅላ ሕፃንን ማሸት በአብዛኛው የሚነቀፍ አይደለም። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለስላሳ ማሸት የክብደት ጭማሪን በጥቂቱ እንደሚያግዝ ታይቷል፤ በባንግላዴሽ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናትም የሱፍ ዘይት የተቀቡ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል ውስጥ በሚይዝ ኢንፌክሽን ያነሰ እንደተያዙ አሳይቷል። እናቲቱ ግን ሕፃኑ እንዳይበርደው በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ እጇን ታጥባ፣ ጠባሳም ሆነ ሽፍታ በሌለበት ቆዳ ላይ እንድታሽ፣ ጭንቅላቱን ለማስተካከል ብላ እንዳትጫን፣ እትብቱ ላይ ቅቤ እንዳታደርግ ትመከራለች። ቅቤ በእትብት ላይ መቀባት የጨቅላ ቴታነስ መግቢያ በር ነው።

ስለ ከተማው ማሳጅ ቤቶችና ጸጉር ቤቶች የሚነሣው ጉዳይ አጭር ነው። በደንበኞች መካከል ፎጣና አንሶላ ካልተቀየረ፣ እጅ ካልታጠበ እከክና ጭርት ይዛመታሉ፤ ዘይቱ በእጅ ከመዘፈቅ ይልቅ ከጠርሙስ ቢንቆረቆር ይሻላል። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ የሚያሽበት ሥርዓት በአካባቢው ባህል የተጠበቀ ስለሆነ አገልግሎት በሚከፈትበት ጊዜ መዘንጋት የለበትም። ከጸጉር መቆረጥ በኋላ አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት ግን መቅረት አለበት፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን የአንገት ደም ሥር ግድግዳ ሊቀድ ይችላልና። ከጸጉር ቤት ከተመለሰ በኋላ የአንገት ሕመም፣ ማዞር፣ ሁለት ሁለት ማየት ወይም የአንድ ወገን መዛል የታየበትን ሰው ባለሙያው አንገቱን ማን እንደነካው ይጠይቅ፤ አንገቱን እንደገና ሳይነካም ወደ ሆስፒታል ይላከው።