ጎተራው የጋራ፣ ተጠያቂው ማን?

ጀርመን ውስጥ ካሰል በምትባል፣ ወደ 200 ሺህ ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ፣ ከ42 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የተመደበለት የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን በአንድ ኃላፊ ፈንታ ለአንድ ማኅበር ተሰጠ። ማኅበሩ ደግሞ ገንዘቡንም ሥልጣኑንም ለብዙዎች አከፋፈለ። ከሰኔ 11 ቀን 2014 እስከ መስከረም 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ለ100 ቀናት የቆየው ይህ ሙከራ ገንዘብን በጋራ ማስተዳደር እንደሚቻል አሳይቷል። ኃላፊነት ሳይደለደል በጋራ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስከፍልም አሳይቷል። በጋራ ለመነገድም ሆነ በጋራ ለማሳየት የሚያስቡ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው።

የ100 ቀን ገበያ

ኤግዚቢሽኑ «ዶኩሜንታ» ይባላል። አርኖልድ ቦደ የተባለ የካሰል ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው ሲሆን፣ በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል። ድርጅቱ የካሰል ከተማና የሄሰን ክልል መንግሥት ንብረት ነው። ለከተማዋ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ዶኩሜንታ የሚከፈትበት ወቅት ዋና ገበያቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአቴንስና በካሰል የተካሄደውን ዝግጅት ካሰል ላይ ብቻ ከ890 ሺህ በላይ ሰዎች ጎብኝተውታል። ይሁን እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ጉድለት ተገኘና ባለቤቶቹ ዋስ ለመሆን ተገደዱ።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የቀጣዩ ዝግጅት ኃላፊነት «ሩአንግሩፓ» ለተባለ የጃካርታ የአርቲስቶች ማኅበር ተሰጠ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ ነው። ዶኩሜንታን በማኅበር ደረጃ ሲመራ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከእስያ በመምጣትም ቀዳሚው ነው።

በተለመደው አሠራር ኪዩሬተር የሚባለው ባለሙያ አርቲስቶችን ይመርጣል፤ ቦታና ገንዘብ ይደለድላል፤ ሥራው ቢወደስም ቢነቀፍም ስሙ ይነሳል። ሩአንግሩፓ ግን 14 ማኅበራትን ከየአገሩ ጠራ። የተጠሩት ሌሎችን ጠሩ። ተሳታፊው እየበዛ ሄዶ ከሺህ በላይ ሆነ። የማሳያ ቦታዎቹም 32 ደረሱ።

ከመስኩ ወደ ጎተራው

የአሠራሩ ስም «ሉምቡንግ» ነበር። በኢንዶኔዥያ ገጠር መንደርተኛው የተረፈውን ሩዝ በጋራ የሚያስቀምጥበት ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጎተራ። በዚሁ መሠረት ለተሳታፊዎች ሥራ ማምረቻ ከሚሰጠው ገንዘብ በተጨማሪ «የዘር ገንዘብ» ተሰጣቸው። በዘር ገንዘቡ ይህን ሥዕል አምጡ አልተባሉም፤ በየአገራቸው የጀመሩትን እንዲያጠናክሩበት ነው። ከዚህም ሌላ የጋራ ገንዘብ ተቀመጠ። በምን ላይ እንደሚውል የሚወሰነው ተሳታፊዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው በሚያደርጉት ስብሰባ ነበር። ሥራ ሲሸጥ ከገቢው የተወሰነው ወደ ጋራ ጎተራው የሚገባበት የሽያጭ ክፍልም ተቋቁሟል። ጋለሪዎች በአብዛኛው የሽያጩን ግማሽ በሚወስዱበት ገበያ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ውጤቱ ለጎብኚው በዓይን የሚታይ ነበር። ከናይሮቢው የሙኩሩ ሠፈር የመጣው «ዋጁኩ» የተባለ ማኅበር የትልቁን አዳራሽ መግቢያ በቆርቆሮ ሸፍኖ የሠፈሩን ቤት አስመሰለው። «ኔስት» የተባለው ሌላው የናይሮቢ ማኅበር ደግሞ አውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚልከውን ልባሽ ጨርቅ በቦንዳው እንዳለ ደራርቦ በካሰል መናፈሻ ውስጥ ቤት ሠራበት፤ ዕቃችሁን ተረከቡ እንደማለት ነው። የሳልቫጅ ገበያ ለሚያውቅ አንባቢ ትርጉሙ አይጠፋውም። ከዳካ የመጡት የ«ብሪቶ» አባላት ወጥ ቤት ከፍተው የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በየቀኑ እየተፈራረቁ እንዲያበስሉ አደረጉ።

ሸራው የተሰቀለ ዕለት

ጥፋቱ የመጣው በመክፈቻው ዋዜማ ነው። «ታሪንግ ፓዲ» የተባለው የኢንዶኔዥያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራውን ግዙፍ ሸራ በከተማዋ ዋና አደባባይ ሰቀለ። ሸራው የሱሃርቶን አገዛዝ የሚያወግዝ ነው። በውስጡ ካሉት በርካታ ምስሎች መካከል ግን አይሁድን የሚያዋርዱ ነበሩበት። አንደኛው ባርኔጣ ላይ የናዚ ልዩ ጦር ምልክት ይታያል። በጀርመን ምድር ይህ ምን እንደሚያስነሳ መገመት አያዳግትም። ሸራው በጥቂት ቀናት ውስጥ በመጀመሪያ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፤ በማግስቱ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ሳይሰቀል በፊት ያየው ማነው? ሥራ አስኪያጇ ዛቢነ ሾርማን አስተዳደሩ ሥራዎችን አስቀድሞ የሚመረምር አካል እንዳልሆነና መሆንም እንደሌለበት ገለጹ። ሩአንግሩፓ በጋራ ሳናስተውል አልፈናል ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሠሪዎቹም ይቅርታ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጇ በሐምሌ ወር ከሥራቸው ለቀቁ።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስቆጨው ማስጠንቀቂያ ያልጠፋ በመሆኑ ነው። ዝግጅቱ በዚሁ ጉዳይ መከሰስ የጀመረው ከመክፈቻው አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነበር። ለውይይት የተያዘው መድረክም ሳይካሄድ ተሰርዟል። የሚመለከተው ሰው በስም ስላልተለየ ማስጠንቀቂያው ባለቤት አላገኘም።

ኪሳራው ብዙ ነው። ጎብኚው 738 ሺህ ያህል ሆነ፤ በ2017 ካሰል ካየችው አንሷል። ዓመታት የለፉት የናይሮቢና የዳካ አርቲስቶች ሥራ በአንድ ሸራ ወሬ ተዋጠ። የሚቀጥለውን ኃላፊ እንዲመርጥ የተሰየመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በውዝግብ ተበተነ። አዲስ ኮሚቴ ተሰይሞ ለ2027ቱ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ናኦሚ ቤክዊዝ የተባሉ አሜሪካዊት ኪዩሬተር ተመረጡ። ኃላፊነቱ እንደገና በአንድ ሰው ስም ሆነ ማለት ነው።

ዕቁብ የሚያውቀው

ከዚህ ተነስቶ የጋራ ሥራ አያዋጣም ማለት ስህተት ነው። የጎተራው ገንዘብ ሥራ ላይ ውሏል፤ ጥፋቱም የመጣው በገንዘቡ በኩል አይደለም። የጎደለው የአገራችን ዕቁብተኛ ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር ነው። በዕቁብ ገንዘቡ የሁሉም ነው፤ ዳኛው ግን ይታወቃል፣ ጸሐፊው ይታወቃል፣ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አይቆጠርለትም። መተማመን ስላለ ዋስ አይቀርም።

ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር በጋራ ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት የሚነሱ ሠዓሊዎቻችንና ጋለሪዎቻችንም ገንዘቡ ከመደልደሉ በፊት ሦስት ስም በውል ላይ ቢያሰፍሩ ይበጃል፤ ሒሳቡን የሚይዘው፣ እያንዳንዱን ሥራ ከመሰቀሉ በፊት በአገሬው ዓይን የሚያየው፣ ችግር ሲመጣ ቀርቦ መልስ የሚሰጠው። ወረቀቱ የሚፈጀው የአንድ ቀን ስብሰባ ነው። ካሰል ግን ወረቀቱ ባለመኖሩ ከ100 ቀናት አብዛኛውን በክርክር አሳልፋለች።